ቦታው ላይ ያልነበረው ጥናት

1.

አስራ አንድ።

የምንታምር ስም የተጻፈባቸው ቴሲሶች ናቸው። ተመራቂዎች ለላይብረሪያችን አንድ አንድ ቅጂ ሲያስረክቡ መጀመሪያ የማየው የምስጋናውን ገጽ ነው። ዘንድሮ አስራ አንዱ እሷን አመስግነዋል። "ለወ/ሪት ምንታምር፣ ላልተቆጠበ ትብብሯ" ይላል ሁሉም፣ የተማከሩ ይመስል።

የእኔ ስም ያለባቸው፦

ዜሮ።

2.

የሺመቤት እባላለሁ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ፣ ሪፈረንስ ክፍል፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ተማሪም መምህርም ሲቸግረው የሚፈልገው ነገር የት እንዳለ የማሳየው እኔ ነኝ። ሁለት ልጆቼን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፣ ክብር ለእሱ ይሁን።

ምንታምር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። የኮምፒውተሩ ክፍል የእሷ ነው። ጥፍሯ ሁሌ እንደተቀባ ነው። ይሄ ለታሪኩ አያስፈልግም፤ ግን ያናድደኛል፣ ይጻፍ።

3.

ከአስተዳደር የመጣ ቅጽ፦

"እያንዳንዱ የላይብረሪ ባለሙያ ለጥናትና ምርምር ያበረከተውን ጥቅም በጽሑፍ ማስረጃ ያሳይ። ማስረጃ ያላቀረበ ክፍል ይታጠፋል።"

የእኔ ክፍል ማለት እኔ ብቻ ነኝ። ከታጠፈ መጋዘን ነው የምወርደው፤ የተሰበረ ወንበር ስጠብቅ ጡረታዬ ይደርሳል።

የጽሑፍ ማስረጃ! ሰው የፈለገውን ሲያገኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል እንጂ ፈርሞ ይሄዳል እንዴ?

4.

ይሄ ቁጥር ቦታው ላይ የለም። ረስቼው አይደለም። እለፉ።

5.

ዘንድሮ የተመሰገኑ፣ በቅደም ተከተል፦

እግዚአብሔር።
አማካሪው።
ሚስት።
ወ/ሪት ምንታምር።
ጽሑፉን የጠረዘው ፎቶኮፒ ቤት።

አንዱ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ "በጨነቀኝ ሰዓት ፈጣሪ መንገዱን አሳየኝ።" ልጁን አስታውሰዋለሁ። ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ሼልፍ። "ርዕስህ ሰፍቶብሃል፣ አንድ ወረዳ ላይ ቁረጠው" ያልኩትም እኔ ነኝ።

ማረኝ ጌታዬ።

ባንተም ቀናሁ።

6.

ከልጄ ከስምረት ጋር፣ በስልክ፦

ስምረት፦ እማዬ፣ ምን አንገበገበሽ? በቃ ተዪው።

እኔ፦ መጋዘን ልውረድ?

ስምረት፦ ኧረ እንደሱ አላልኩም። ግን አሁን ሰው ሁሉን ነገር ከስልኩ ያገኛል።

እኔ፦ ያንቺ መመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ስልክሽ የት ሄዶ ነው ሌት ተቀን "እማዬ ምንጭ አጣሁ" ስትዪኝ የከረምሽው?

ስምረት፦ እሱማ አንቺ ነሽ ያገኘሽልኝ።

እኔ፦ ምስጋናው ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ስምረት፦ "ለውድ እናቴ፣ ስለ ጸሎቷ።"

እኔ፦ ስለ ጸሎቷ!

ስምረት፦ እና አልጸለይሽልኝም?

7.

ሰኞ የውሃ ተመራማሪው ዶክተር ገረመው መጡ። የ1966ቱን የጉድጓድ ውሃ ጥናት ይፈልጋሉ። በታይፕራይተር የተጻፈ ነው፤ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሐሙስ ይዘውት ወረዳ ይወርዳሉ፤ ለሕዝቡ የት ጉድጓድ እንደሚቆፈር ከእሱ አይተው ሊወስኑ።

የሄዱት ወደ ምንታምር ነው። ወደ እኔ ቀና ብለውም አላዩ።

ኮምፒውተሩ አለ ይላል፤ ሼልፉ ላይ የለም። ሰኞን ፈለገች። ማክሰኞን ፈለገች። ረቡዕ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ጥፍሯ ተሰብሮ መጣች።

"እትዬ የሺ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። እርስዎ ካላወቁት ማንም አያውቀውም።"

ይቺን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅኳት!

"እስቲ ልየው" አልኩ። ተነሳሁ። በሰባት ደቂቃ ይዤው ተመለስኩ።

ጥናቱን ሊወስዱ መጥተው ሲጠብቁ የነበሩት ዶክተር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "ኮምፒውተር ያቃተውን!" አሉ። እዚያው ቁጭ ብለው ጻፉልኝ፦ "እኚህ ባለሙያ ባይኖሩ ኖሮ ሥራችን ይቆም ነበር።" ፈረሙ። ማህተምም አስመቱበት።

ምንታምር አጨበጨበችልኝ።

ከልቧ።

4.

እዚህ ነው ያስቀመጥኩት።

መጽሐፍ ለማጥፋት ከግቢ ማስወጣት አያስፈልግም። ከቦታው ሁለት ሼልፍ ማራቅ ይበቃል። ያኔ ኮምፒውተሩ አለ እያለ፣ መጽሐፉም እያለ፣ የለም።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ዓርብ ዶክተሩ ደውለው ለምንታምር "ሰኞ ለጥናቱ እመጣለሁ" ሲሏት ሰማሁ። ምሳ ስትወጣ ጥናቱን ከውሃው ሼልፍ አንስቼ ከንብ እርባታ መጻሕፍቱ መሃል ከተትኩት።

ሁዳዴ ነበር ደግሞ። በጾም አፌ።

8.

ሐሙስ፣ ጥናቱ ቦታው ላይ ስላልተገኘ፣ ለምንታምር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አምና የሼልፍ ቆጠራው ላይ "ሁሉም በቦታው አለ" ብላ የፈረመችው እሷ ነበረች።

"ለምን አትከራከሪም?" አልኳት።

"ምን ብዬ እትዬ የሺ? ስቆጥር ተሳስቼ ይሆናል። ደግነቱ እርስዎ አሉ።"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሃያ ሰባት ዓመት እውነት ሠርቼ አንድ ወረቀት የለኝም። አንድ ቀን ዋሸሁ፤ ባለ ማህተም ሆንኩ።

9.

ቅጹ ዛሬ ከሰዓት ይገባል። የዶክተሩ ደብዳቤ ተያይዟል። ስሜን ሞልቻለሁ፣ የአገልግሎት ዘመኔን ሞልቻለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ሦስት መስመር ሰጥተውኛል። ምንታምር ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ የእሷን ትሞላለች።

"ማስረጃው ሰነድ ስለማፈላለግ ከሆነ፣ ሰነዱ የት እንደነበረና እንዴት እንዳገኙት ባጭሩ ያብራሩ፦

______________________

______________________

______________________"