ልኩን የጠበቀ ድንጋይ

በ2009 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ጁባ፣ ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር፣ አጥር የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው የሮማነወርቅ ምግብ ቤት ነው፤ ወጥ ሠሪ ነበረው፣ ፍሪጅ አልነበረውም። ሁለተኛው የበዕውቀቱ ቢራ ቤት ነው፤ ሁለት ፍሪጅ ነበረው፣ ወጥ ሠሪ አልነበረውም። ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ተነስቶ ስለነበር በቀዳዳው ምግብ ወደዚያ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወደዚህ ያልፍ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ተኩስ በነበረ ጊዜ ሁለቱ ባለቤቶች በዚሁ ቀዳዳ ሾልከው አንድ ጠረጴዛ ሥር ተኝተው ነበር።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት በዕውቀቱ ወጥ ሠሪዋን ተሻለችን ደመወዝ ጨምሮ ወሰዳት። ሮማነወርቅ ይህን ያወቀችው ጠዋት ምድጃው ሳይለኮስ ስታገኘው ነው።

ከሥራው ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ለመቁረብ ስትመኝ ኖራ፣ የንስሐ አባቷ ለዚያ ፋሲካ ፈቅደውላት ነበር። ቂም ይዛ ግን አትቀርብም። ሄዳ ስትነግራቸው፣ «ቶሎ ይቅር በይው» አሏት። «ቂም እንደ ዓሣ ነው፤ በዚህ ሙቀት አይቆይም።»

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት በዕውቀቱ ራሱ በቀዳዳው ብቅ አለ።

«እትዬ ሮማን፣ ማሌሽ» አለ። ጁባ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ ሁሉ የሚለው ነው። «አጥፍቻለሁ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ሰይጣን ደመወዝ አይጨምርም፤ የጨመርከው አንተ ነህ» አለችው። ንዴቷ ግን በርዶ ነበር። «በል ተወው፤ እኔም ይቅር...»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ሥዩም።

ጋሽ ሥዩምና ጋሽ ገብረየስ የሰፈሩን ሐበሾች የሚያስታርቁ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ምሳ ዘግይቶባቸው ተቀምጠው ነበር።

«ማሌሽ ብርጭቆ ለሰበረ ነው» አሉ ጋሽ ሥዩም። «ወጥ ሠሪ የወሰደ ሰው በሽማግሌ ፊት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። አንቺም እንዲህ በቀላሉ ካለፍሽው፣ ነገ ሌላው መጥቶ ወጥ ሠሪሽን ይወስዳል።»

«ሌላ ወጥ ሠሪ እኮ የለኝም፣ ጋሼ።»

«ስለ ሥርዓቱ ነው የምናወራው።»

ሽምግልናው በየረቡዑ በሮማነወርቅ ቤት ይቀመጥ ጀመር፤ ምሳው ከእሷ፣ ለስላሳው ከበዕውቀቱ። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አዘዙ። ጾም መሆኑን ስታስታውሳቸው ጋሽ ገብረየስ፣ «ዓሣ የውኃ ፍሬ ነው፤ ሃይማኖትን ማክበድ ጥሩ አይደለም» አሉ። ድንጋዩን ግን ለማቅለል አልፈቀዱም።

በዕውቀቱ መጀመሪያ ከመንገድ ያነሳውን ይዞ መጣ። ጋሽ ገብረየስ በመዳፋቸው አገላበጡት። «ይኼን ምስር ውስጥ ባገኘው ተፍቼው መብላቴን እቀጥላለሁ» አሉ።

ሰፈሩ ከአቧራ በቀር ሌላ ስለሌለው በዕውቀቱ ጀበል ከሚሉት ተራራ ሥር ድንጋይ ወደሚሸጠው ወደ ረፊቅ ሄደ። ረፊቅ የሚሸጠው በሙሉ መኪና ጭነት ነው።

«በአንድ ድንጋይ ምን ልትሠራ ነው?»

«ጎረቤቴን ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ማሌሽ አትላትም?»

«ብያታለሁ። አይበቃም ተባለ።»

«እሷ ናት ያለችው?»

«ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ታዲያ የበደልከው እነሱን ነው?» አለ ረፊቅ፤ ድንጋዩንም በነጻ ሰጠው።

ይህኛውን ጋሽ ሥዩም፣ «በዛ፤ አንገቱ ቢሰበር ደሙ በእኛ ላይ ነው» አሉ። ጋሽ ገብረየስ ለበደሉ ልክ ነው አሉ። በዚህ ክርክር ረቡዕ አልፎ ረቡዕ ተተካ፤ ሆሳዕና ቀረበ። በሕማማት ሳምንት ንስሐ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሮማነወርቅ ከሆሳዕና በፊት ካልታረቀች ለፋሲካ አትቆርብም። በመጨረሻው ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ዓሣቸውን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡና ጉዳዩን ከፋሲካ በኋላ እንዲታይ ቀጠሩት።

በዕውቀቱ ያን ጊዜ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ሮማነወርቅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ እሱ ወጣች።

«አውርደው» አለችው።

«አልፈቀዱም እኮ።»

«የተቀየምኩት እኔ ነኝ።» ድንጋዩን በአንድ ወገን ይዛ አብረው መሬት አስቀመጡት። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ባለፈውም ልልህ ነበር፤ ሰው ሰምቼ ቀረሁ።»

«ተሻለችስ?»

«ተሻለች ድስት አይደለችም፣ መልስ አልልህም። የወደደችበት ትሥራ። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ላክልኝ፤ እሳት ዳር የምውለው አሁን እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሥዩም ከውስጥ፣ «ይህ እርቅ አይጸናም፤ እኛ አልተገኘንበትም» አሉ።

«ዓሣው ላይ ተገኝታችኋል፣ ጋሼ» አለች።

በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ተናዘዘች፤ ለፋሲካ ቆረበች። ሥዩምና ገብረየስ ግን ድንጋዩ ልክ ነበር፣ አልነበረም በሚለው ተካረው ተኳረፉ። የሰፈሩ አስታራቂዎች ራሳቸው ስለሆኑ የሚያስታርቃቸው አልተገኘም፤ ነሐሴ ሲጋመስ ሰላም ከተባባሉ አራት ወር አልፏቸው ነበር።