በእናቴ ማሳ ላይ ሞክሬዋለሁ

ፎቶው የደረሳት ረቡዕ ጠዋት፣ የዕለቱን የእህል ዋጋ ልትለጥፍ ስትል ነው። ነቢላ መጀመሪያ የደረሰ አዝመራ መስሏት ነበር፤ ዳር እስከ ዳር ቢጫ። ከዚያ ወሩ ነሐሴ መሆኑ ትዝ አላት። በነሐሴ አጋማሽ ስንዴ አረንጓዴ ነው እንጂ ቢጫ አይሆንም። ከፎቶው ሥር እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «እህቴ ነቢላ፣ አንቺ የጻፍሽለትን ፀረ አረም ከረጨን ዛሬ አሥር ቀናችን ነው። እንዲህ ነው የሚያደርገው? ቢፍቱ ነኝ፣ ከኦጎልቾ።»

ነቢላ ክው አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፤ መልሳ አነሳችውና እንደገና አየችው። ቢጫነቱ አልቀነሰም።

የዛሬ አራት ዓመት የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነበረች። በሞተር ሳይክል ከማሳ ማሳ ስትመላለስ ገበሬዎቹ ከአረምና ከስንዴ ዋግ በሽታ ይልቅ ስለ ዋጋ ሲጠይቋት ጊዜ፣ ብሎግ ከፈተችና «የማሳ ወሬ» አለችው። በየጠዋቱ ኢተያ፣ አቦምሳና ኦጎልቾ ላሉ ሦስት ሰዎች ትደውላለች፤ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው ስንት እንደዋለ ጠይቃ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ከሥሩ በኦሮምኛ ትደግመዋለች። በመጀመሪያው ወር አንባቢዎቿ ከመቶ አይበልጡም ነበር፣ እነሱም የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ገበሬው ደላላ ፊት ቆሞ «ነቢላ እንዲህ አላለችም» ማለት ጀመረ። የእህል ማጨጃ ኮምባይነር አከራዮች ማስታወቂያ ይዘው መጡ፣ ዘር ሻጮች መጡ፣ አንድ ባንክ መጣ። ሥራዋን ለቀቀች። አሰላ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ተከራየች። ባሏ ሌላ አግብቶ አዳማ ስለሚኖር ልጇን ሲፈንን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ብሎጉ ሁለቱንም ከበቂ በላይ አኖራቸው።

ሰው የሚያነባት ብዙ ስለምታውቅ ብቻ አልነበረም። ነቢላ ያላየችውን አትጽፍም ስለሚባል ነው።

በሰኔ መጨረሻ ጋሽ እንደሻው ቢሮዋ መጣ። የእርሻ መድኃኒት መደብር ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ በከተማው የተከበረ ሰው ነው። ነጭ ጠርሙስ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ለስንዴ የሚሆን አዲስ ፀረ አረም ነው አላት። ማስታወቂያ አልፈልግም፣ ማስታወቂያ ሰው እያየ ያልፈዋል፤ ሞክሬዋለሁ ብለሽ ጻፊልኝ አላት። የሰጣት ገንዘብ የሦስት ወር ገቢዋን ያህል ነበር። እሷም በቅድሚያ እናቴ ማሳ ላይ እሞክረዋለሁ ብላ ተቀበለችው፤ የምሯን ነበር። ከዚያ ዝናቡ አላባራ አለ፤ ሲፈንን ቶንሲል ያዛት፤ ጋሽ እንደሻው በየቀኑ ይደውላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ባንድ ትንፋሽ ጻፈችው፦ «በእናቴ ማሳ ላይ ሞክሬዋለሁ። አረሙ ሲናር ደርቆ ስንዴው ቀጥ ብሎ ቆሟል።» ጠርሙሱ አሁንም ክዳኑ ሳይከፈት ከጠረጴዛዋ ሥር አለ። በዓመቱ ከጻፈችው ሁሉ እንደዚያ ጽሑፍ የተነበበ የለም።

እስከ ረፋዱ ሁለት ሌሎች ፎቶዎች መጡ። ሁለቱም ቢጫ።

ለጋሽ እንደሻው ደወለች። እሱ እስክትጨርስ ሰማት፤ አለመደንገጡ እሷን አስደነገጣት። ገበሬው መጠኑን አብዝቶ ይሆናል፣ ዝናቡ ሲበረታ ያገግማል አለ። ጽሑፉን ላንሳው፣ ወይም ማስጠንቀቂያ ልጨምርበት ብትለው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነቢላ፣ ሞክሬዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም። ሰው ማንን እንደሚይዝ አስቢበት።» ከዚያ ወሬ ቀየረ። «ሲፈን ደህና ናት? የኔም የልጅ ልጅ የክረምት ትምህርቱን እሷ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ደጃፍ ላይ አያታለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ነቢላ ቦርሳዋን አነሳች። ደህና ናት ወይ ማለት በዚህ አገር ሰላምታ ነው፤ ማንም ይለዋል። ግን ደረጃውን ስትወርድ አንድ ጫማዋን በትክክል እንዳላጠለቀች እንኳ አላወቀችም። ባጃጅ ይዛ ትምህርት ቤት ስትደርስ ተማሪው ለምሳ እየወጣ ነው። ጋሽ እንደሻው ጃንጥላውን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከጃንጥላው ሥር የልጅ ልጁና ሲፈን አሉ። ሲፈን እጅ ላይ ብስኩት አለ።

«ልጅሽ ሰላምታ ታውቃለች፣» አላት ፈገግ ብሎ፤ የልጅ ልጁን እጅ ይዞም ሄደ።

ነቢላ ብስኩቱን ከልጇ እጅ ነጥቃ ቦይ ውስጥ ጣለችው። ሲፈን አለቀሰች። እናት ግን ወደ ኋላ እየተገላመጠች፣ ሰውየው ያስፈራራት ይሁን ወይም ደግነት ያሳያት መለየት አልቻለችም፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው አለመለየቷ ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሲፈንን ይዛ ኢተያ አጠገብ ወዳለችው እናቷ ጠይባ ዘንድ ሄደች። ልጅቷ ጥቂት ቀን እዚህ ትቆይ አለች። ጠይባ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ፊደል ባትቆጥርም የልጇን ፊት ማንበብ ታውቃለች፤ ሲፈን ወደ ጥጃዎቹ ስትሮጥ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ሰዎች መጥተው ጠየቁኝ። ነቢላ መድኃኒት ሞክራልሻለች ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው፣ እማ?»

«አዎ አልኳቸው። ምን ልበል? ልጄን ላሳፍር?»

ነቢላ አጥሩን ደግፋ ቆመች። ውሸቷን ስትጽፍ ብቻዋን የጻፈችው መስሏት ነበር። በስድሳ ሦስት ዓመቷ ሐሰት ተናግራ የማታውቅ ሴት ግን ስለሷ ብላ ጎረቤቶቿን ዋሽታለች። እናቷ ከቤት ጋቢ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። የበረዳት መስሏት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለቢፍቱ ደውላ፣ ማሳውን በዓይኗ ልታይ ኦጎልቾ የሚወርደው ሚኒባስ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ስልኳን እጇ ላይ ይዛ ጽሑፉን ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር። አንድ ጊዜ ብትነካው ይጠፋል። ግን ጠፍቶም አይጠፋም፤ ሰው ፎቶ አንስቶ በየቴሌግራሙ ተቀባብሎታል፤ ለምን አጠፋችው ይላሉ። ትተወው? ሌላም ይረጫል። በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን አረንጓዴ ማሳ ሁሉ እያየች፣ የትኛው ተረጭቷል፣ የትኛው አልተረጨም እያለች ስትፈራ ኦጎልቾ ደረሰች።

ቢፍቱ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። የማሳው ባለቤት የኦቦ ቱሳ ምራት ናት፤ ሕፃን አዝላለች። በየጠዋቱ ብሎጉን ለአማቷ ጮክ ብላ የምታነብላቸው እሷ ናት። ኦቦ ቱሳ ራሳቸው ቦት ጫማቸውን ተጫምተው ደጅ ቆመዋል። ነቢላን ሲያዩ እንደ አጥፊ አቀረቀሩ። ወተት ካልጠጣሽ አሉ፤ ጠጣች። ከዚያ ወደ ማሳው ወሰዷት።

ማሳው ፎቶው ላይ ካየችው የባሰ ነበር። ስንዴው ከሥሩ ደርቆ፣ ሲነኩት እንደ ገለባ ይሰበራል። በመካከሉ ግን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች ለምልመው፣ እንዲያውም ቦታ አግኝተው ተንዠርግገዋል። ነቢላ ጎንበስ ብላ ሁለቱን አስተያየች፤ በግብርና ባለሙያነት የሠራችበት ስድስት ዓመት ባንዴ መልሱን ነገራት። መድኃኒቱ የገደለው ሣር ሣሩን ነው። ስንዴም ከሣር ወገን ነው። ይህ ለባቄላ ማሳ የሚረጭ መድኃኒት ነው እንጂ የስንዴ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ልክ አይደለም ማለት ነው። የራሷን ጠርሙስ ከፍታ አንዲት መደብ እንኳ ብትረጭበት ኖሮ በሳምንት ታውቀው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣» አሉ ኦቦ ቱሳ በኦሮምኛ፣ ከጀርባዋ ቆመው። «ቢፍቱ ልኩን አንብባልኛለች። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሳላበዛው አልቀረሁም። እናትሽ ማሳ ላይ ስንት ክዳን ነው የጨመራችሁት?»

ነቢላ አንድ የደረቀ አገዳ ነቀለች።

ኦቦ ቱሳም የሚያስጨንቃቸውን ነገሯት። ጎረቤቶቻቸው፣ ሰባት አባወራ፣ ትናንት ያንኑ መድኃኒት ገዝተው መጥተዋል። ዛሬ ከቀትር ሶላት በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል ሊረጩ ነው። የኔ ማሳ በእጄ ስህተት ነው የጠፋው፣ እናንተ ልኩን ጠብቁ ብዬ መክሬያቸዋለሁ አሉ።

ነቢላ ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ መውጫ ታያት፤ ኋላ ስታስታውሰው የምታፍረው በሱ ነው። የጠርሙሱ ጽሑፍ ስህተት ነው ብትል ይበቃል። ስንዴያቸው ይተርፋል፤ ጥፋቱ ወደ መደብሩ ይሄዳል፤ እሷም አዋቂ ሆና ትመለሳለች።

«ኦቦ ቱሳ፣ እርስዎ አላበዙም፣» አለች። «መድኃኒቱ ራሱ የስንዴ አይደለም። የባቄላ ነው። ጽሑፉ ልክ አይደለም።»

ሽማግሌው አሰቡበት። ከዚያ ምንም ተንኮል በሌለው ፊት ጠየቋት።

«ታዲያ የእናትሽ ማሳ እንዴት ተረፈ?»

ቢፍቱ ሕፃኑን ወዝወዝ ማድረጓን አቆመች። ነቢላ ሽማግሌውን አየቻቸው። የሰውየው ዓይን ላይ ጥርጣሬ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ሌላ ውሸት ትፈጥር ነበር። አልነበረም። የሚጠብቁት እንዴት እንደተረፈ እንድታስረዳቸው ነው።

«አልሞከርኩትም፣» አለች። «ገንዘብ ተቀብዬ ሳልሞክር ጻፍኩት።»

ኦቦ ቱሳ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ደረታቸው ላይ ይዘው ማሳውን አዩት፤ መልሰው አጠለቁት። ይመቱኛል ብላ ጠበቀች። አልተንቀሳቀሱም። ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«ለነሱም እንደዚሁ ንገሪያቸው። እኔ ብነግራቸው፣ ለጥፋቱ ሰበብ ፈለገ ይሉኛል።»

ከሶላት የሚወጡት ወንዶች መስጊዱ ግቢ ውስጥ ከበቧት። ሃያ ይሆናሉ። አንዱ መርጫውን ቀድሞ ሞልቶ አዝሎታል፤ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ነቢላ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ቢፍቱ ክንዷን ይዛ ደገፈቻት፤ ለምን እንደደገፈቻት አልገባትም፣ የጠፋው ማሳ የቢፍቱም ነውና። በኦሮምኛ፣ ቃል ሳትቀንስ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስጨርስ ይሰድቡኛል ብላ ነበር። የሰደባት የለም። መርጫ ያዘለው ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ ሸክሙን በቀስታ መሬት አስቀመጠና «አንቺን አምነን እኮ ነው» አላት። በቁጣ አልነበረም።

እዚያው ግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ጻፈች። «አልሞከርኩትም። በእናቴ ማሳ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። የገዛችሁ አትርጩ። የረጫችሁ ጠርሙሱን አትጣሉ፣ ደውሉልኝ።» የመለጠፊያውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ስልኳ አላረፈም። ሊረጩ ሲሉ የተዉ ብዙ ነበሩ፤ አሥራ አንድ ሰዎች ግን ረጭተው ጨርሰዋል፣ ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፈች። የግብርና ባለሙያዎች መጥተው ጠርሙሶቹን ወሰዱ፤ በላዩ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር የባቄላ መድኃኒት የሚል ሌላ ወረቀት ተገኘ። ጋሽ እንደሻው እንደዚህ ሆኖ ነው የገዛሁት አለ፤ መደብሩ ታሽጎ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። እሷንም ቃሏን ተቀበሏት፣ ገና ትጠራለች። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ደውሎላት አያውቅም። ነቢላ ግን ሲፈንን ትምህርት ቤት ስታደርስና ስትመልስ፣ ጃንጥላ ባየች ቁጥር የልጇን እጅ ጠበቅ ታደርጋለች።

ባንኩ ውሉን አቋረጠ። ኮምባይነር አከራዮቹ ሄዱ። አንባቢዎቿ በግማሽ ቀነሱ፤ ከቀሩትም ለመስደብ የሚመጡ አሉ። ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ለቅቃ ከቤቷ መኝታ ክፍል መጻፍ ጀመረች። እናቷ ማንም ሳያዛት ጎረቤቶቿ ቤት እየዞረች ዋሽቻችሁ ነበር ብላ ተናገረች፤ ነቢላ ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ጠይባ ለሷ አላነሳችላትም።

መስከረም ላይ ኦቦ ቱሳ የሞተውን ስንዴ ገልብጠው አርሰው ሽምብራ ዘሩ። ዘሩን ነቢላ ገዝታ ወሰደችላቸው። ተቀበሏት፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሏትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ደወሉላት። ሽምብራ አቦምሳ ላይ ስንት ዋለ አሏት። የሰማችውን ነገረቻቸው።

«አይተሽው ነው ወይስ ሰምተሽ?»

«ከአንድ ሰው ሰምቼ ነው። ገና አላረጋገጥኩትም።»

«እንግዲያስ አረጋግጪና ደውዪልኝ፣» ብለው ዘጉት።

ነቢላ ሹራቧን ደርባ፣ የአቦምሳ መኪና ሳይሞላ ለመድረስ ወደ መናኸሪያው ወጣች።