የአልጋው እንጨት

ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ረጅም ነው። ወገብ በሚደርሱ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ሽቦ ተወጥሮ፣ ታጥቦ የወጣው እርጥብ ቡና ይዘረጋበታል። ደመና ሲወርድ ካቦው አማኑ ፊሽካ ይነፋል፤ ሠራተኞቹም ላስቲኩን ጎትተው የየአልጋቸውን ቡና ያለብሳሉ። ዝናብ የነካው ቡና ይሸታል። አልጋውን ያስረጠበ ሠራተኛ በማግሥቱ አይመጣም።

ደበበ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ጨለለቅቱ ከተማ ጆንያ ሲጭን መኪናው ወደ ኋላ ሄዶበት ነው ያጣው። ከዚያ ወዲህ እህቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከረመ። የእህቱ ባል ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ምሳ ሲቀርብ ወደ ደበበ አያይም።

ዲላ ያለ አንድ የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ከወረዳውና ከቡና ማጠቢያው ባለቤት ጋር ተስማምቶ ስድስት ሰው ለሙከራ ሲያስቀጥር ደበበ አንዱ ሆነ። ቋሚ የሚሆኑትን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

ከአልጋው ማዶ የምትሠራው ሙሉካ ነበረች፤ መስማት አትችልም፣ እጇ ፈጣን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊሽካ ሲነፋ ደበበ ይሰማል እንጂ አይሮጥም፤ እሷ ትሮጣለች እንጂ አትሰማም። አንድ ቀን ጨንቆት የአልጋውን ጠርዝ በክራንቹ መታው። ሙሉካ መዳፏ እንጨቱ ላይ ነበርና ቀና አለች። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ፤ እሱ ይመታል፣ የላስቲኩን አንድ ጫፍ ይዞ ይቀራል፤ እሷ ሌላውን ይዛ ትሮጣለች። አልጋቸው ረጥቦ አያውቅም።

“ከሁለታችሁ አንድ ደህና ሰው ይወጣል” ይላቸው ነበር አማኑ። ደበበ ይስቃል። ሙሉካም የደበበን ፊት አይታ ትስቃለች።

ድርጅቱና ባለቤቱ ውሉን የሚፈራረሙበት ቀን እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። ደበበን ከእህቱ ደጃፍ ያነሳችው የድርጅቱ ሠራተኛ ሩሃማ ጠዋት ስድስቱን ለየቻቸው። መስማት የማይችሉት ሦስቱ ባነር የተሰቀለበት አልጋ ጋ፣ እግራቸው የተጎዳው ሦስቱ ቀጥሎ ባለው።

“ከሙሉካ አትለዪኝ” አላት ደበበ።

“ለዛሬ ብቻ ነው ጋሼ ደበበ። እንግዶቹ የጉዳቱን ዓይነት ለይተው ማየት ይፈልጋሉ።”

“ደመናው ወርዷል እኮ።”

ሩሃማ ሰማዩን አየች። ከዚያ ሰዓቷን አየች።

ንግግሩ ረዘመ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ባነሩ ሥር ቆሟል፤ እነሙሉካ ዓይናቸውን ከእጁ እንዳይነቅሉ ተነግሯቸዋል። ፊሽካው ተነፋ። ሌሎቹ ሠራተኞች ወደየአልጋቸው ሮጡ። የሰው አልጋ መንካት እዚያ ነውር ነው፤ ቡና ሊሰርቅ ነው ያስብላል። ደበበ በክራንቹ እንጨቱን መታ፣ ደጋግሞ መታ። የመታው ግን የራሱን አልጋ ነበር። አብረውት ያሉት ሁለቱም ፊሽካውን ሰምተዋል፤ ላስቲኩን ይዞ የሚሮጥ እግር ግን ከመካከላቸው ጠፋ።

አስተርጓሚው ትርጉሙን አቋርጦ ወደ መጋዘኑ ሲሮጥ ነው እነሙሉካ ዞር ያሉት። ያኔ ዝናቡ ቡናው ላይ ነበር። ሙሉካ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ደበበ አልጋ ነው። እኩሌታውን ሳያለብሱ ሁለቱም አልጋ ረጠበ።

ውሉ መጋዘኑ ውስጥ ተፈረመ፤ ፎቶም ተነሡ። እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤቱ ከረጠበው ቡና እፍኝ አንስቶ አየ፤ ለሩሃማም የሚሮጥ ሰው ብቻ ቋሚ እንደሚያደርግ ነገራት። አማኑ ስለ ክራንቹ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። የባለቤቱን ፊት አየና ተወው።

ሩሃማ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ ደበበ ጋ መጣች። ድርጅቱ ሌላ ሥራ እንደሚፈልግለት፣ ምናልባት ጫማ መጠገን ሊሆን እንደሚችል ነገረችው።

“ሙሉካስ?”

“እሷ ቋሚ ሆናለች።”

“ፊሽካውን ማን ይነግራታል?”

ሩሃማ መሬቱን አየች። “ትለምደዋለች፣ ጋሼ” አለችው።

ሙሉካ ይህ ሲነገራት ወደ ደበበ ጠቆመች፤ ሁለት ጣቶቿን አጣብቃ ለአስተርጓሚው አሳየችው። አስተርጓሚው ይህን ለማንም አልተረጎመም።

የእህቱ ቤት ከማጠቢያው በታች ነው፤ የእንሰቱ ቅጠል ከልሎት አልጋዎቹ አይታዩም። ድምፁ ግን ይወርዳል። ደበበ ከደጃፉ ተቀምጧል። ምሳ ቀርቦ የእህቱ ባል ወደ ግድግዳው ዞሮ ይበላል። ከላይ ፊሽካ ተነፋ። ደበበ ክራንቹን አንስቶ የበሩን መቃን መታ፤ ቆይቶ እንደገና መታ።

“ደቤ፣ ማነው የሚያንኳኳው?” አለች እህቱ ከጓዳ።

“ዝናብ ሊመጣ ነው” አላት።