የጨዋታ አስጠኚ

ፋርማሲስቷ አንዲት ልጅ አለቻት፤ እሷንም ገና ጡት ሳትጥል "ዶክተር" ብላ ሰይማታለች። የሰባት ዓመቷ ዶክተር ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሂሳብ አስጠኚዋ በር ላይ ይጠብቃታል፤ እሱ ሲወጣ የእንግሊዝኛዋ ትገባለች። ቅዳሜ ደግሞ "አእምሮዋ እንዲፍታታ" ተብሎ ቼዝ ነበር፤ እሱም ፈተና አለው። አንደኛ መውጣቷን ያልሰማ ደንበኛ የለም፤ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ የልጅቷን ውጤት መርቃለት ትልከዋለች።

ፈተና በደረሰ ቁጥር ግን ልጅቷን ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። እናት መደርደሪያዋ ላይ ያለውን መድኃኒት ሞክራ ሞክራ ሲያቅታት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ፤ ስለ ውሎዋ ጠየቀ፤ የሰማውን ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ።

"ልጅዎ አልታመመችም፤ ደክሟታል። መድኃኒቷ ጨዋታ ነው።"

እናት ባለሙያ ናትና የሐኪም ትእዛዝ አታጓድልም። መድኃኒት ከሆነ መጠንና ሰዓት ሊኖረው ይገባል ብላ የጨዋታ አስጠኚ ቀጠረች። አስጠኚው ስፖርት የተማረ ወጣት ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ደጋግማ ብትነግረውም አልገባውም፤ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ እሺ አለ። ሰኞ ገመድ ዝላይ፣ ረቡዕ ድብብቆሽ፣ ዓርብ ኳስ ተባለ። እናት በረንዳ ላይ ወንበሯን አስወጥታ፣ እግሯን አነባብራ ትከታተላለች። ልጅቷ የምትደበቅበትን ቦታ ሳይቀር "እዚያ አይደለም፣ በርሜሉ ጀርባ ይሻልሻል" እያለች ታርማለች።

አንድ ረቡዕ አስጠኚው ፈልጎ ፈልጎ አጣት። ልጅቷ ከተደበቀችበት ወጥታ፣ ላቧን እየጠረገች እናቷ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

"እማዬ፣ ስንት አገኘሁ?"

እናት ሳታስበው "ከአሥር ስምንት" አለች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። "ሁለቱን ምን ተሳስቼ ነው?" አለችና ሆዷን ያዘች።

አስጠኚው መሬት መሬት አየ። እናት ከወንበሯ ተነሳች። በማግስቱ አስጠኚዎቹን ሁሉ አሰናበተች፤ የጨዋታውንም ጭምር።

መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ግቢው መሃል ትገተራለች፤ የሚያዛት ሰው ስታጣ ግራ ይገባታል። ቆይቶ የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ጠሯት፤ ሾልካ ሄደች። ጭቃ ለብሳ፣ ጉልበቷ ተልጦ ስትመለስ እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ አጠበቻት። የሆድ ቁርጠቱም በዚያው ጠፋ።

በመንፈቁ ማብቂያ ካርድ መጣ፤ አራተኛ። ልጅቷ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወደ ልጆቹ ሮጠች። መከራው ለእናት ነው። ዜናውን የለመዱት ደንበኞች "ዶክተራችንስ ስንተኛ ወጣች?" ሲሏት ዙሪያዋን ቃኝታ፣ የኪንታሮት መድኃኒት እንደሚጠይቅ ሰው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ትልና በሹክሹክታ ትመልሳለች።

"አራተኛ። ሆዷን ግን አያማትም።"