ስም ያለባቸው ድርሰቶች

መምህርት ኦፌልያ ባራጋን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ክፍል አሥራ አራትን ከፈተች። ከካሊፎርኒያ ወይን እርሻዎች የነፈሰውን አቧራ ከጠረጴዛዎቹ ላይ ጠረገችና ከቤት ያመጣችውን ጣፋጭ ዳቦ ቆማ መብላት ጀመረች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሊንድክዊስት ሳያንኳኳ ገባ። የሜክሲኮ በዓል በደረሰ ቁጥር ባለጥልፍ ሸሚዝ ለብሶ ከልጆቹ ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰው ነው። ዛሬ ክራቫት አስሯል።

"የትምህርት ቦርዱ የብሔረሰቦች ታሪክ ትምህርትዎን ሊመረምር ነው። ልጆቹ 'ቤተሰቤ እንዴት መጣ' ብለው የጻፉትን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስረክቡኝ። ከነስማቸው።"

"ትምህርት ለመመርመር ስማቸው ምን ያደርጋል?"

"አሠራር ነው።"

"አባቶቻቸው በየት በኩል ድንበር እንደተሻገሩ ማወቅም አሠራር ነው?"

"ነገር አያካብዱ እንግዲህ፣ ወይዘሮ ባራጋን።" ፈገግ አለ። "ለመሆኑ እነዚያ የበቆሎ ታማሌ ሠርተው የሚያመጡልን እናቶች ዘንድሮም አሉ አይደል?"

በዚህ ሰው መናደድ እንኳ ብክነት መሰላት። ዳቦውን ጠቀለለችው።

ትምህርት ሲጀመር "እውነቱን ጻፉ፤ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም" ያለቻቸው ራሷ ናት። አሁን ሠላሳ አንድ ቤተሰብ፣ ከነመንደሩና ከነመንገዱ፣ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድርሰቶቹን በየእጃቸው መለሰች። "የትምህርት ቦርዱ ከነስማችሁ ጠይቋቸዋል። ቤት ውሰዷቸው። የእናንተ ናቸው።"

"ሚስ፣ እኔ እኮ ሃምሳ አምስት ነው የሰጡኝ! ቦርዱ ያርምልኝ!" አለች ብሪሳ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የያሬትሲስ?" አለች።

የያሬትሲን አባት ሰኞ ዕለት መኪና ከሚያጥብበት ቦታ የኢሚግሬሽን ሰዎች ወስደውታል። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

"እኔ አደርስላታለሁ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሊንድክዊስት የዓመቱን የትምህርት ዕቅድና የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሰጠችው።

"የማስተምረው ይኸው፣ ገጽ በገጽ። ለመመርመር ግን መጀመሪያ ማንበብ ይጠይቃል።"

"ድርሰቶቹስ?"

"ለባለቤቶቹ መልሻለሁ።"

"ሁሉንም?"

"አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አልሰጥዎትም።"

"ሥራዎን ሊያጡ እንደሚችሉ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?"

ባስቀመጠላት የርክክብ ቅጽ ላይ "የተሰጡ ድርሰቶች ብዛት" ከሚለው ጎን "ዜሮ" ብላ ጻፈች። ሙሉ ስሟን፣ እንደ ሜክሲኮ ልማድ የእናቷን ቤተሰብ ስም ጨምራ፣ ፈረመች። ከዚያም ቦርሳዋን አንስታ ወደ ያሬትሲ ቤት ሄደች።

አሁን ከክፍል አሥራ አራት የጎደሉት ሠላሳ አንድ ድርሰቶችና አንዲት ልጅ ናቸው።