ሁለት አስረኛ ሚሊሜትር

አውሮፕላን የሚጠግነው መሥሪያ ቤት በወረርሽኙ ምክንያት አሰናብቶኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ወደ ሌላ አሠሪ የማዞሪያው ጊዜ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሀሩን ደወለልኝ። እስከ ሐሙስ የሚወስደኝ ካልተገኘ ወደ አገር ቤት መሳፈር ነበር የቀረኝ።

ሀሩን ኦማናዊ ነው። ሐምሪያ በሚባል ሰፈር ውስጥ የድሮ ጠመንጃና ጩቤ የሚጠገንበት ጠባብ ወርክሾፕ አለው። ከተዘጋ ፋብሪካ ጨረታ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ የብረት መቁረጫ ማሽን ገዝቶ፣ የሚያስነሳው ሰው አጥቷል።

ስሄድ የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ከሥሩ ያለውን እጀታ ቆልፋ የምትይዘው፣ ጥፍር የምታህል ብረት ተበልታለች።

“አባቴ ሲብ ከተማ ባለው ግቢው ውስጥ በየቀኑ ይጨፍራል፤ ሰርግ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ጠመንጃውን ወደ ላይ ሲወረውረው ግን እጀታው ይወድቅና ጠመንጃው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ይህችን ሥሪ፣ ፈቃድሽን አዞራለሁ። ካልሆነ ኻላስ፣ አበቃ።”

ወርክሾፑ ውስጥ ጋሽ ተድላ አሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሞረድ ብረት ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው። ማሽኑን የምሳ ማስቀመጫ አድርገውታል። ሳህናቸውን ሳነሳ፣

“ቀስ በይ፣ ሹሮ ነው። ኮምፒውተሩ ሹሮ አይወድም?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ይህ ማሽን የሚሊሜትር መቶኛ ይለያል።”

“እኔ ደግሞ ሰው እለያለሁ። ሞረድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?”

“ትምህርት ቤት።”

“እሱማ እኔም ትምህርት ቤት መዝሙር ዘምሬያለሁ።”

ሁለት ቀን የድሮዋን ብረት በካሊፐር ስለካ፣ ስሥል፣ ማሽኑን ሳሰናዳ ቆየሁ። ማክሰኞ አዲሷ እንደ መስታወት እያበራች ወጣች፤ ቦታዋ ገብታ ቀጭ አለች። ጋሽ ተድላ ጠመንጃውን አንሥተው አንዴ ነቀነቁት። እጀታው ተዘርግቶ ወደቀ።

ማስካቸው እስኪወርድ ሳቁ። “የለካሽው እኮ የተበላችውን ነው! የታመመችውን ከነሕመሟ ወለድሻት!”

“ሁለት ቀን ሙሉ እያዩ ዝም አሉኝ?”

“ምሳዬን መሬት ላይ ስታስቀምጪ እኔስ ዝም አላልኩም?”

ረቡዕ ጠዋት፣ “ዞር በይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጨርሳታለሁ” ብለው ቁራጭ ብረት ጠረጴዛው ላይ ባለው መያዣ፣ በሞርሳው አሰሩ። ሲሞርዱ ድምፁ አይቆራረጥም፤ ያስቀና ነበር። ግን ማስኩ መነጽራቸውን በትንፋሽ ይደፍነዋል። አስም ስላለባቸው ማስኩን አያወልቁም። ይጠርጋሉ፣ ይደፈናል፤ ይጠርጋሉ፣ ይደፈናል። በመጨረሻ ብረቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው አዩዋት። ከሚገባው በላይ ሞርደዋታል።

“ስንት መቶኛ አለፈ፣ ጋሼ?”

“ዝም በይ።”

“ለትምህርት ነው።”

“ዝም በይ አልኩሽ!” ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ነገ ሐሙስ መሆኑ ትዝ አለኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

“ማሽንሽ ትርፍ ሥጋ ይተውላት።”

“ምን ያህል?”

“ትንሽ።”

“‘ትንሽ’ የሚል ቁልፍ የለውም።”

“እንግዲያው ሁለት አስረኛ ሚሊሜትር።”

ቆረጥኳት። እሳቸው ኩራዝ ለኩሰው ብረቷን በጭሱ አጠቆሯት። “አስገቢያት፣ አውጪያት። ጥላሸቱ የለቀቀበት ቦታ ነው የሚነካው፤ እሱን ብቻ ሞርጂ። እኔ አይታየኝም።” ይህን ብለው ሁለት ሜትር ርቀው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

“አትጫኚው! ዳቦ እየቆረስሽ ነው እንዴ?”

“እሺ።”

“ስትመልሺው ከብረቱ ላይ አንሺው፤ ሞረድ ወደ ኋላ አይበላም። አሁን ምን ይመስላል?”

“ጠርዙ ክብ ሆነብኝ።”

“እሱማ መነጽሬ ተደፍኖም ይታየኛል።”

ብረቷ አሥራ አምስት ጊዜ ገብታ ወጣች። በአሥራ ስድስተኛው ጥላሸቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ለቀቀ። ጠመንጃውን ነቀነቅሁት። እጀታው አልወደቀም። ደግሜ ነቀነቅሁት። ጋሽ ተድላን ቀና ብዬ ሳያቸው፣ “እጅሽን ታጠቢ” ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ ሀሩን ጠመንጃውን ወርውሮ ቀለበው፤ እጀታው ንቅንቅ አላለም።

“በማሽን ነው በእጅ?”

በእጅ ብል እኔን ለምን ይወስደኛል? በማሽን ብል ደግሞ ጋሽ ተድላ ምን ይሆናሉ?

“በማሽን ነው” አልኩ። “የመጨረሻዋ ሁለት አስረኛ ሚሊሜትር ግን በእጅ።”

“በማን እጅ?”

“በእኔ።”

ወደ ጋሽ ተድላ ዞረ። “አንተስ ምን ሠራህ?”

“ሁለት ሜትር ርቄ ተሳደብኩ። ያለ ስድቤ ጠመንጃ ማፊ፣ የለም!”

ሀሩን እየሳቀ ስልኩ ላይ የፈቃዱን ቅጽ ከፈተ። ስሜን፣ የፓስፖርቴን ቁጥር ጻፈና ሙያ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

“መንግሥት የፈቀደልኝ ክፍት ቦታ የእጅ ሞራጅ ነው። የማሽን ማፊ። የእጅ ሞራጅ ነች ልበል?”

“በመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸት ይጻፋል እንዴ?” አሉ ጋሽ ተድላ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሳይቸኩሉ መልሰው አደረጉት።

“ጻፈው” አሉ። “እውነት እስኪሆን የማስተምራት እኔ አለሁ። ልድያ፣ እሁድ ጠዋት በአንድ ሰዓት። ሞረድ በባዶ እጅ ነው የሚለመደው፤ ጓንት ይዘሽ እንዳትመጪ።”