ያልተናገረችው ማስታወቂያ

ጫማ ሰፊው የግራ ጫማዋን ተረከዝ እየቸነከረ ሳለ፣ ደወል የራሷን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሰማች።

«እናቶች፣ አባቶች! መቼም እኔን ታውቁኛላችሁ። እቤቴ ያልሞከርኩትን አልነግራችሁም!»

መጀመሪያ አልደነቃትም። የምትሠራበት የሳሙና ፋብሪካ መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ መንገድ ያልፋል፤ በጣሪያው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣውም ሁልጊዜ የእሷ ድምፅ ነው። ጫማ ሰፊው ሳቀ። «አንቺ እዚህ፣ አፍሽ እዚያ! እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔም ፈልጊልኝ።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ድምፁ ቀጠለ።

«ስኳር በሽታ ላለባችሁ ሁሉ የምሥራች! ይኼ እንክብል ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋዋል። ከእንግዲህ መርፌ ቀረ!»

ደወል ክው አለች። ስለ ሳሙና፣ ስለ ሻማ፣ ስለ መጥረጊያ ተናግራለች። ስለ መድኃኒት አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ግን አነጋገሩ የእሷ ነው፤ «መቼም» ላይ ዝቅ ብላ «ታውቁኛላችሁ» ላይ ፈገግ የምትለዋም ራሷ ናት። ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ጫማሽን! ኧረ ጫማሽን!» እያለ ጫማ ሰፊው ሲጮህ እሷ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ካልሲ መኪናውን ተከትላ እየሮጠች ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረሰችበት፤ የፋብሪካው መኪና አልነበረም። የሹፌሩን መስኮት ደበደበች።

«ማነው ይኼን የቀዳው?»

ሹፌሩ አየት አደረጋት። «እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ? ፍላሽ ሰጡኝ፣ ሰክቼ እነዳለሁ።» ቀጥሎ ፍጥጥ አለ። «ቆይ ቆይ... አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ?»

 ድንገት አንድ ሰው ትዝ አለቻት። አክስቷ። ያሳደገቻት አክስቷ ስኳር አለባት።

ደወል የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ሰዎች ናቸው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሷም በልጅነቷ ከአክስቷ ሱቅ ደጃፍ ቆማ «ግቡ፣ ማየት በነፃ ነው!» እያለች መንገደኛውን ትጠራ ነበር። ያኔ የተለከፈችው ልክፍት ሳይለቃት አደገች። ሌላው ልጅ መጫወቻ ሲሰበስብ እሷ የሳሙና መጠቅለያ ሰብስባ የትኛው ቀለም ዓይን እንደሚስብ ታነጻጽራለች። ሳሙና ፋብሪካ በአሻጊነት ገብታ የማርኬቲንግ ኃላፊ እስክትሆን ድረስ ፍቅሯ አልበረደም። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ «እኔን ያገባችኝ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰፊ ጎን ስላለኝ ነው» እያለ ይቀልድባታል። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። አዲስ ሳሙና ሲመጣ የቤቷን ልብስ አጥባበት፣ እጇን አይታ፣ ካልወደደችው አፏን አትከፍትም። ሰውም ይኼን ስለሚያውቅ ያምናታል።

አክስቷ ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አሮጊቷ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተዘርራለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቧ ያለው የውኃ ጆግ ባዶ ነው። ከስፌት መኪናው ላይ ደግሞ አረንጓዴ ክዳን ያለው የእንክብል ብልቃጥ ተቀምጧል።

«እትዬ! መርፌሽን ወስደሻል?»

«መርፌ ቀረ አልሽ እኮ፣ ልጄ።» ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። «ማክሰኞ ዕለት በመስኮት ሰማሁሽ። ነይ ግዢልኝ ልልሽ ነበር... ኋላ ሥራ አላስፈታትም ብዬ ራሴ ወርጄ ገዛሁ።»

«እኔ አይደለሁም! እትዬ፣ እኔ አላልኩም!»

አክስቷ ግራ በተጋባ ዓይን አየቻት። «እኔ ድምፅሽን አጥቼው?»

ደወል ክርክሩን ተወችው። አሮጊቷን ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት፤ በአንድ ጫማ እየሄደች መሆኗን እንኳ ያወቀችው ሆስፒታል ደጃፍ ነው።

ሐኪሟ ውጤቱን አይታ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብላ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። አክስቷ ተረፈች። ዓይኗ ግን ቀድሞም ደክሞ ስለነበር ከዚያ በኋላ ጭጋጉ አልለቀቀውም፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አልቻለችም።

ሰኞ ጠዋት ደወል አለቃዋ ቢሮ ገባች። የፋብሪካው ባለቤት ናቸው፤ ከአሻጊነት ያወጧት፣ ሰርጓ ላይ አባት ሆነው የቆሙላት ሰው።

«ጋሼ፣ በድምፄ መድኃኒት እየሸጡ ነው። ሌቦች ናቸው፣ እንክሰሳቸው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

አለቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌቦች እንኳ አይደሉም። ወዳጆቼ ናቸው። የድሮ ቅጂዎችሽን ለምነውኝ ሰጠኋቸው። ድምፅሽን በኮምፒውተር አስመስለው ነው አሉ ያላልሽውን የሚያናግሩሽ። ይገርማል አይደል? እኔም ስሰማው አንቺ መስለሽኝ ነበር!»

ደወል ወንበሩን ይዛ ቀረች። 

«ሳይጠይቁኝ?»

«ምን እጠይቅሻለሁ? ቅጂው የፋብሪካው ንብረት ነው። እኔ ነኝ ያስቀረጽኩት።»

«ጋሼ፣ አክስቴ ሆስፒታል ናት! ሰምታኝ መርፌዋን ትታ!»

 ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አዙረው አዙረው፣ «እሷስ ብትሆን» አሉ በቀስታ፣ «ማስታወቂያ እንዲህ ይታመናል እንዴ?»

እንደ አባት ስታያቸው የኖረችው ሰው ናቸው። አፏን ከፍታ አየቻቸው፤ ፊታቸው ላይ ክፋት ፈለገች፣ አጣችው። ከልባቸው እየጠየቁ ነው። ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ እንዲታመን አይደለም እንዴ ስንለፋ የኖርነው?»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። የቢሮዋን ቁልፍ እስክሪብቶው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄዳ አመለከተች፤ «እናጣራለን» አሏት። እነሱ እስኪያጣሩ መኪናው ይዞራል። ስለዚህ ገበያ መሀል ወጥታ፣ የሽንኩርት ሳጥን ላይ ቆማ ጮኸች።

«እናቶች፣ አባቶች! ያ እንክብል ውሸት ነው! መቼም እኔን ታው...»

አንዲት ድንች ሻጭ ሳቋን ለቀቀችው። «መኪናዋም እንደዚሁ ነው የምትለው! የትኛችሁን እንመን?»

ገበያው በሳቅ ተሞላ።  ደወል ዕድሜ ልኳን የገነባችው ቃል አፏ ውስጥ ተሰበረ፤ አሁን የመኪናው ቃል ሆኗል። ስትምል ብትውል የምትለው ሁሉ ከእሱ ጋር አንድ ነው። መኪናው ራሱ ደግሞ በአትክልት ተራው በኩል ብቅ አለ፣ «የምሥራች!» እያለ።

ያን ጊዜ ሳታስበው ከሳጥኑ ወርዳ መኪናው ፊት ቆመች። ሹፌሩ ያው ነው፤ አወቃትና ሞተሩን አጠፋ። ድምፅ ማጉያው ግን አላቆመም።

«ጠይቋት!» አለች ደወል ወደ ድንች ሻጯ ዞራ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ እያመለከተች። «እሷንም ጠይቋት፣ እኔንም ጠይቁኝ!»

ድንች ሻጯ እየሳቀች ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። «እሺ እመቤት፣ ባሌ መርፌውን ትቶ ዓይኑ ቢጠፋ ማን ይመራልኛል?»

«ከእንግዲህ መርፌ ቀረ!» አለ ድምፁ በደስታ።

ማንም አልሳቀም።

«አሁን እኔን» አለች ደወል።

ሴትየዋ ፈገግታዋ ጠፍቷል። «የእውነት ባሌ ትቷል እኮ» አለች ወደ ደወል ተጠግታ። «ምን ላድርግ?»

«ሚዛንሽን ለጎረቤትሽ ስጪና አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። የእኔ አክስት አርፍዳ ዓይኗ ፈዟል።»

ሴትየዋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች። ሰው ተተራመሰ፤ ብልቃጥ ከየቦርሳው ወጣ። ሹፌሩ ፍላሹን ነቅሎ ደወል እጅ ላይ አኖረና፣ «እናቴም ሁለት ገዝታለች» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሰንበትበት ብሎ የመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት የእንክብሉን መጋዘን አሸገ። ፋብሪካው አዲስ ኃላፊ ቀጠረ። አለቃዋ አንድ ቀን ደውለው ነበር፤ ስልኩን አንስታ ድምፃቸውን ስትሰማ ዘጋችው።

ለባሏ ግን ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው፤ አውቶቡሱን ሲያጥብ ባልዲ እያቀበለችው።

«ገበያ መሀል ያን ሁሉ ስናገር ሰዉ ጸጥ አለ አይደል? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስታ። አክስቴ አልጋ ላይ እያለች! ቃል መርጬ፣ የት ልረፍ የት ልጩህ እያልኩ... ራሴን ፈራሁት።»

ባሏ ስፖንጁን ጨምቆ ትንሽ አሰበ።

«ድንች ሻጯ ባሏን ሐኪም ቤት በጊዜ አደረሰችው?»

«አድርሳዋለች።»

«እና ታዲያ?»

«እንጃ» አለች ደወል። ባልዲውን ይዛ ቆመች። «ማስታወቂያ መናገሩን አሁንም እወደዋለሁ እኮ። ያ ሁሉ ሆኖ፣ አሁንም!»